ሚዛኗ የሻንጣ ናት

ነገሩ ከሆነ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎታል። የሚያውቁኝ ሰዎች «አሁንም አልረሳኸውም?» ይሉኛል። አልረሳሁትም! እንዴት ብዬ እረሳዋለሁ? የገዛ ዕቃዬን ከቤቴ አምጥቼ፣ በእጄ ሰጥቼ፣ በዚያው ዕቃ አንዲት ልጅ ስትሰቃይ ያየሁ ሰው ነኝ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ያን ጊዜ እዚህ ሰው አገር፣ ሲታክ በምትባል ከተማ ውስጥ ከኤርፖርቱ አጠገብ ካሉት ሆቴሎች ባንዱ የሻትል ሾፌር ነበርኩ። እንግዳ ከኤርፖርት ፒክ አደርጋለሁ፣ ሻንጣ አወርዳለሁ፣ እጭናለሁ። ቤቴ ቢከን ሂል ነው። ቶሎ እንደምቆጣ አልደብቅም። ባለቤቴ ገነት «አንተ እኮ ክብሪት ነህ» ትለኛለች። ይሁን፣ ክብሪት ነኝ። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ክብሪት በመሆኔ አላፍርም።

ወሩ ጥቅምት ነበር፤ ዝናቡ ጀምሯል። በዚያ ሰሞን እዚህ አካባቢ የበረዶ ላይ ሸርተቴ ውድድር ነበርና ከየአገሩ ስፖርተኛ መጣ። እኛ ሆቴል የደረሱን ሁለት ሩሲያውያን ናቸው፤ አንዲት አሠልጣኝና አንዲት ልጅ።

ልጅቷ ዐሥራ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ስሟን አልጽፍም፤ በኋላ ብዙ ሰው ያወቃት ልጅ ሆናለች። ከአገሯ ውጭ ስትወዳደር የመጀመሪያዋ እንደሆነ መኪና ውስጥ ነገረችኝ። «ፈርስት ታይም!» ብላ አንድ ጣቷን ቀስራ አሳየችኝ። ምላጭ ያለውን ጫማዋን የያዘችበትን ቦርሳ ከሻንጣው ጋር አላስጭንም ብላ ታቅፋው ተቀመጠች። በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዋ ትጠይቀኛለች፤ ዝናቡ ሁልጊዜ ነው ወይ፣ ባሕሩ በየት በኩል ነው፣ አንተ ከየት አገር ነህ። ሴትዮዋ ከኋላ ወንበር አንድ ቃል ተናገረች። ልጅቷ ዝም አለች፤ ሆቴል እስክንደርስ ድረስ ዝም።

እንደደረስን ሴትዮዋ ሪሴፕሽን ላይ ቆማ ሚዛን ጠየቀች። በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ስኬል፣ ስኬል» ትላለች። የለንም አሏት። እኔ አጠገቧ ሻንጣ እያወረድኩ ነበር።

እንግዲህ ፍረዱኝ። እኛ ሐበሾች ዘንድ ሚዛን ለምንድን ነው? ለሻንጣ ነው! አገር ቤት ለመሄድ የተነሣ ሰው ሁሉ ሳሎኑ መሐል ሻንጣ ዘርግቶ ሲመዝን፣ ጫማ ሲያወጣ፣ ለእናቱ ቫይታሚን ሲጨምር፣ እንደገና ሲመዝን ነው የሚያመሸው። እኔ ቤት ያለችው ሚዛን የሰፈሩ ሁሉ ናት። አሮጌ፣ መርፌ ያላት፣ ሰው የሚቆምባት ዓይነት። ሻንጣህን ታቅፈህ ትቆምባታለህ፣ ከዚያ የራስህን ክብደት ትቀንሳለህ። ሰው «ደረጀ፣ ሚዛንህ አለች?» ብሎ ኮል ሲያደርግልኝ አገር ቤት ሊሄድ መሆኑን አውቃለሁ። የሰው መመዘኛ መሆኗንማ ሁላችንም ረስተነዋል።

ሶ፣ ሩሲያኖቹም እንደኛ ጓዝ የሚወዱ መሰለኝ፤ እንዲያውም ደስ አለኝ። «እኔ ቤት አለች፣ ነገ አመጣልሻለሁ» አልኳት። ሴትዮዋ እጄን በሁለት እጇ ጨበጠችኝ።

በማግስቱ ጠዋት አመጣሁላት። ማምጣቱ አልበቃኝ ብሎ ደግሞ አስተማርኳት! «ምንጣፍ ላይ አታስቀምጫት፣ ትዋሻለች። ጠንካራ ወለል ነው የምትፈልገው» አልኳት። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው! የሆቴሉ ክፍሎች ሁሉ ምንጣፍ ናቸው። ሴራሚክ ያለው ታች፣ ቁርስ የሚበላበት ክፍል በር ላይ ነው።

ቁርሱን የሚያዘጋጁት እትዬ ዘውዴ የምንላቸው እናት ናቸው። እኔ አንድ ዙር ኤርፖርት ደርሼ ስመለስ ጠሩኝ።

«ደረጀ፣ ያቺን የሩሲያ ልጅ አየሃት?»

«ምነው እትዬ?»

«ሻይ ብቻ ጠጥታ ተነሣች እኮ! ረቡዕ አይደል ዛሬ? እነሱም ኦርቶዶክስ ናቸው፣ አንገቷ ላይ መስቀል አለ። የኛዎቹ እዚህ ተወልደው ረቡዕ የለ ዓርብ የለ በርገር ሲገምጡ ይውላሉ። እሷ ለውድድር ሰው አገር መጥታ ትጾማለች!»

«እሰይ፣ የጨዋ ልጅ!» አልኩ እኔም። ሁለታችን ቆመን ስናሞግሳት ነበር። አይ ሞኝነት!

ሐሙስ ጠዋት መኪናዬን በር ላይ ፓርክ አድርጌ ስገባ ሴትዮዋ ሚዛኔን በብብቷ ይዛ ከሊፍት ወጣች። ልጅቷ ትከተላታለች። ሚዛኔን ሴራሚኩ ላይ አስቀመጠቻት፤ ልክ እኔ እንዳስተማርኳት። ልጅቷ ጫማዋን አወለቀች። ጃኬቷን አወለቀች። የጸጉር መያዣዋን ፈታች። ከዚያ የአንገቷን መስቀል አውልቃ ለሴትዮዋ ሰጠቻትና ሚዛኗ ላይ ወጣች። ያ ክር የሚያህል መስቀል ምን ሊመዝን ነው?

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ መርፌዋን አየችና አንድ ነገር አለች። አልጮኸችም። ልጅቷ ግን ዓይኗ ወለሉ ላይ ተተከለ። ከዚያ ገብተው ልጅቷ ዳቦና እንቁላል ስታነሣ፣ ሴትዮዋ ከትሪዋ ላይ አንድ በአንድ እያነሣች መለሰችው። ግማሽ ፖምና ስኳር የሌለው ሻይ ቀረላት።

እትዬ ዘውዴ ጭልፋቸውን እንደያዙ ቀሩ። «ዛሬ ሐሙስ አይደለም እንዴ? ጽጌን ይጾሙ ይሆን?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«የምን ጽጌ! እያስራበቻት ነው እንጂ!» አልኳቸው። በኔ ሚዛን!

ወዲያው ማናጀሩ ቢሮ ገባሁ። ነገሩን አስረዳሁት። «ደረጀ፣ እንግዶቻችን ናቸው፤ የኛ ቢዝነስ አይደለም» አለኝ። አንድ እንግዳ ውሻውን መኪና ውስጥ ዘግቶበት ቁርስ በላ ብሎ ፖሊስ የጠራ ሰውዬ ነው እኮ ይሄ!

የዚያን ቀን ወደ መለማመጃው ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ዝም ብዬ መመለስ አቃተኝና ገብቼ ከመስታወቱ ኋላ ቆሜ አየሁ። ልጅቷ ስትዘል ታምራለች፤ ያን አልክድም። ስታርፍ ግን መቆም ያቅታታል። ወደቀች፣ ተነሣች፣ ዘለለች፣ ደግማ ወደቀች። በረዶ ላይ ሲወድቁ ድምፁ ያማል። ሴትዮዋ አጥሩ ጋ ቆማ፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ወደ ፊት ገፋ አድርጋ አሳየቻት። ከባድ ሆነሻል ማለቷ ነው። ከባድ! ንፋስ ሽው ቢል የሚወስዳት ልጅ! ስንመለስ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ተኛች።

ሆቴል ስንደርስ ሴትዮዋ ከክፍሏ ወደ ታች መሸከሙ ሰልችቷት ነው መሰል፣ ሚዛኗን «እስከ ጠዋት አንተ ጋ ትቆይ» ብላ ሰጠችኝ። ወደ ቤቴ ይዤያት ልሂድ አልኩ። ግን ምን ይጠቅማል? ከሱቅ ሌላ ትገዛለች። ያኔ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ። ሚዛኗ ከሥሯ መርፌዋን ወደ ዜሮ የሚመልስ ትንሽ ጥርሳም ማስተካከያ አላት።

አባቴ መርካቶ በርበሬ ነጋዴ ነበር። «በሚዛን የቀለደ ቤቱ አይሞላም» እያለ ነው ያሳደገን። አባዬ ይቅር በለኝ ብዬ ማስተካከያዋን ወደ ኋላ አዞርኳት። መርፌዋ ከዜሮ በታች ወረደች። ሴትዮዋ ልጅቷ የቀነሰች ሲመስላት ታበላታለች ብዬ ነው። ለእትዬ ዘውዴ ነገርኳቸው።

«ደግ አደረግህ። እንቁላሉን እኔ ራሴ እጠብሳለሁ» አሉኝ።

«ነገ ዓርብ ነው እኮ እትዬ» አልኳቸው ለመቀለድ።

«እኔ እጾምላታለሁ» አሉኝ። አልሳቁም።

ዓርብ ውድድሩ የሚጀመርበት ቀን ነው። ጠዋት መጡ። ጫማ፣ ጃኬት፣ ጸጉር፣ መስቀል። ልጅቷ ወጣች። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ አየችና «ሃራሾ!» አለች፤ ጥሩ ነው ማለቷ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት። የልጅቷን ጉንጭ መታ መታ አደረገች። ልጅቷም ደስ አላት። እኔም በልቤ ተሳካልኝ አልኩ።

ገቡ። እትዬ ዘውዴ ትኩስ እንቁላልና የተጠበሰ ዳቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ጠብቀዋቸዋል። ሴትዮዋ ሳህኑን አንሥታ መለሰችላቸው። ከዚያ ያችን ግማሽ ፖምም አነሣቻት! ወደ እኔ ዞራ፣ ሚዛኗን ያመጣሁላት ወዳጇ ነኝና፣ እየሳቀች «ዩ ሲ? ኢት ወርክስ! ሌስ ፉድ፣ ጉድ ጃምፕ!» አለችኝ።

እኔ ልጠቅም ብዬ የነበራትን ግማሽ ፖም አሳጣኋት። ልጅቷ ባዶውን ጠረጴዛ እያየች እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ራሴም በደንብ አላስታውሰውም። ሚዛኔን ከወለሉ አንሥቼ ብብቴ ውስጥ ከተትኩ። «ይቺ ሚዛን የኔ ናት!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። «የሻንጣ ናት! ሰው አይመዘንባትም!» ቁርስ የሚበላው ሁሉ ቀና አለ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ሞከርኩት፤ የወጣልኝ «ፎር ባግ! ፎር ባግ! ኖት ፎር ቻይልድ!» ብቻ ነው።

ሴትዮዋ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። በሩሲያኛ እየተቆጣች ማናጀር ልትጠራ ወደ ሪሴፕሽኑ ነጎደች። እኔም እየጮህኩ ተከተልኳት። ማናጀሩ መጣ። ሴትዮዋ ጀርባዋን ለቁርስ ክፍሉ ሰጥታ ትከሰኛለች፣ እኔ ፊት ለፊቷ ቆሜ እመልሳለሁ።

በትከሻዋ በኩል አሻግሬ ሳይ እትዬ ዘውዴ ሳህኑን መልሰው አምጥተው ልጅቷ ፊት አስቀመጡ። «ብዪ የኔ ልጅ፣ ቶሎ ብዪ» ይላሉ በአማርኛ። ልጅቷ ወደ ሴትዮዋ ጀርባ አየች። ከዚያ በላች። እንዴት እንደበላች! ሹካውን ትታ በእጇ ነበር።

ያኔ ገባኝ። ብስጭቴ እንኳ ጋብ ማለት ጀምሮ ነበር፤ ግን ድምፄን ጨመርኩ። ማናጀሩ «ኦኬ ደረጀ፣ ኦኬ» ሲለኝ ባሰብኝ። የማላወራው ነገር አልነበረም፤ ስለ ሻንጣ ኪሎ፣ ስለ አየር መንገድ፣ ስለ አባቴ በርበሬ ሳይቀር። ሴትዮዋ ዘወር ልትል ስትል «ወዴት ነሽ! አልጨረስኩም!» እላታለሁ። እትዬ ዘውዴ ከኋላ በእጃቸው ቀጥል፣ ቀጥል ይሉኛል። ልጅቷ ዳቦውን ጨረሰች፤ ወተት ሰጧት፣ ጠጣች። አፏን በእጇ ጀርባ ጠርጋ ቀና ብላ ተቀመጠች። እትዬ ዘውዴ ባዶውን ሳህን ይዘው ወደ ኩሽና ገቡ።

«ሶሪ» አልኩና ዝም አልኩ። ማናጀሩ ያበድኩ መስሎት አፉን ከፍቶ አየኝ።

ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ከሻትሉ አንሥተው ዝናብ ላይ ፓርኪንግ አስጠበቁኝ። ሌላ ሾፌር ወሰዳቸው፤ ውድድሯን አላየሁም። ሜዳሊያ አላገኘችም፣ ግን ሳትወድቅ ጨርሳለች አለኝ ሾፌሩ። ሲሄዱ ሴትዮዋ እንዳላየችኝ አለፈች። ልጅቷ ከኋላ ሻንጣዋን እየጎተተች መጣችና አጠገቤ ስትደርስ ሻንጣውን መታ መታ አድርጋ «ፎር ባግ» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ኖርዝጌት አካባቢ ጸጉር ቤት ተቀምጬ ቲቪ ላይ አየኋት። አድጋለች። ሜዳሊያ አጥልቃለች። የሚያወሩት ጋዜጠኞች «ቅልል ያለች፣ ላባ የመሰለች» እያሉ ያደንቃሉ። «እንዴት እንደቀለለች እኔን ጠይቁኝ!» ብዬ ግማሽ ጸጉሬን ተቆርጬ ተነሣሁ። ጸጉር ቆራጩ ደነገጠ። ከዚያ ደግሞ ሃያ ዓመት ሳይሞላት አጥንቷ እየተሰበረ አስቸግሯት ሸርተቴውን ተወችው ሲባል ሰማሁ። ያቺ ሴትዮ ግን አሁንም ሕፃናት ታሠለጥናለች አሉ። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ! ሸለሟት እንጂ ማን ጠየቃት?

ያን ጊዜ ልጄ ሳሮን አራት ዓመቷ ነበር። ዐሥራ ሦስት በሞላት ዓመት አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስገባ መታጠቢያ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ሳሮን ጫማዋን አውልቃ፣ ያቺ አሮጌ ሚዛን ላይ ቆማ፣ አንገቷን ደፍታ መርፌዋን ታያለች። አንገቷ ላይ ያለውን ማተብ አውልቃ ማስታጠቢያው ላይ አስቀምጣዋለች።

«ውረጂ!» አልኩ። ገነት ከኩሽና ሮጣ መጣች።

«ዳድ፣ አይ ወዝ ጀስት ቼኪንግ» አለችኝ ልጄ። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ጮኼባት ነበርና።

ማተቧን አንሥቼ አንገቷ ላይ አሰርኩላት። ማን ምን አለሽ ብዬ ጠየቅኳት። ትምህርት ቤት አንዷ አንድ ነገር ብላታለች። ተቀምጠን የሩሲያዋን ልጅ ታሪክ ነገርኳት፤ ስለ ፖሙም፣ ስለ እትዬ ዘውዴ እንቁላልም። ከዚያ ሚዛኗን ይዤ ወጥቼ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ወረወርኳት።

አሁንም ሰው ኮል አድርጎ «ሚዛንህ አለች?» ይለኛል። አለች። ግን አዲስ ነው የገዛሁት፤ በእጅ የሚንጠለጠል፣ መንጠቆ ያለው። ያቺ አሮጌዋ ትሻል ነበር፣ ይሄ ክንድ ያደክማል ብለው ያማርራሉ። ያድክማቸው! ሻንጣ ይሰቀልበታል እንጂ ልጅ አይቆምበትም።