ሻርኮቹን ፈገግ አድርጊያቸው

ለግድግዳ ሥዕል ከሚጠሩኝ ሰዎች ሁሉ የማልወደው የመዋዕለ ሕፃናት ባለቤቶችን ነው። ልጅ የሚወደውን ከልጁ በላይ የሚያውቁ ይመስላቸዋል። አንዷ ወደ አስኮ መሄጃ ላይ ቪላ ተከራይታ ትምህርት ቤት የከፈተች ሴትዮ ነበረች። የግቢውን ረጅም አጥር አሳየችኝና "ባሕር ሣይልኝ" አለች። ምን ዓይነት ባሕር ብላት "ባሕር ነዋ! ዓሣ ያለበት" ብላኝ የዘመድ ሠርግ አለብኝ ብላ ክፍለ ሀገር ሄደች።

ኮልፌ ተወልዶ ያደገ ሰው ባሕር የሚያውቀው በስልክ ነው። እኔ ደግሞ ያን ሰሞን የሻርክ ቪዲዮ ሱስ ይዞኝ ነበር። ሻርክ ማለት ጥርስ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ራሱ እንደ መዶሻ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ ዓይኖቹ ጫፍና ጫፍ ላይ የተቀመጡ አለ። እንደ ምንጣፍ ዘርፍ አውጥቶ አሸዋ ላይ የሚነጠፍ አለ። አውቶቡስ የሚያህል፣ ጀርባው በሙሉ ነጭ ነጠብጣብ የሆነም አለ። ሬይ የሚባለው ጠፍጣፋው ዘመዳቸው ደግሞ ውሃ ውስጥ እንደ አሞራ ይበራል። ሁሉንም ሣልኳቸው። የትልቁን ነጠብጣብ በጣቴ ጫፍ አንድ በአንድ ነው ያስቀመጥኩት።

ሴትዮዋ ከሠርጉ ስትመለስ የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢውን አስከትላ መጣች።

"ዓሣ ነባሪ ሣልሽ እንዴ?"

"ሻርክ ነው፣ እትዬ።"

"ሰው የሚበላው?!"

"ይሄኛው ሰው አይበላም። ጥርሱ የሩዝ ፍሬ አያክልም።"

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። "ልጆቻችን የራሳችንን ነው ማወቅ ያለባቸው። ሻርክ ከባህላችን ጋር አይሄድም።"

ፊት ለፊታችን ከእኔ በፊት የተሣለ፣ ክራቫት ያሰረ ድብ ነበር። "ድቡስ የየትኛው ወረዳ ነዋሪ ነው፣ ጋሼ?" አልኩት። አልሳቀም።

ሴትዮዋ መላ አገኘች። "በቃ፣ ፈገግ አድርጊያቸው። ሽፋሽፍትም ጨምሪላቸው። ለጠፍጣፋዋ ኮፍያ።"

"ኮፍያ?"

"ልጆች ኮፍያ ይወዳሉ።"

"እኔ እግዜር የጨረሰውን ሥራ አላርምም፣ እትዬ" ብዬ ብሩሼን አጥቤ ወጣሁ።

ሌላ ሠዓሊ አስመጣች። ከሳምንታት በኋላ በዚያ ሳልፍ ዘበኛው አስገባኝ። ፈገግታ የታዘዘው ሠዓሊ ለሻርኮቼ ቀይ ከንፈርና የሰው ጥርስ ገጥሞላቸዋል። ከአስተማሪዎቹ አንዷ ሳቋን እየታገለች "ልጆቹ እኮ በዚያ በኩል ሽንት ቤት መሄድ እምቢ አሉ" አለችኝ። "ያንቺ ሥዕል በነበረ ጊዜ እየዳሰሱት ነበር የሚያልፉት።" ደስ አለኝ፤ ደስታዬን አልደብቅም። በኋላ ስሰማ ኮሚቴው ተሰብስቦ አጥሩን ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ አስቀብቶታል። በላዩ "የባሕር ዓለም" ብለው ጽፈውበታል። አንድ ዓሣ የለበትም።

ነጠብጣባሙን እቤቴ የቆርቆሮ በር ላይ ደግሜ ሣልኩት። ጎረቤቴ፣ መርካቶ ጨርቅ የሚነግዱት እናት፣ ዘንቢላቸውን መሬት አስቀምጠው አዩት።

"ማሻአላህ!" አሉ። "የሁሉም ነጥብ እንዲህ ነው ወይስ ይለያያል?"

"የአንዱ ከሌላው አይገጥምም፣ እማማ።"

ጠጋ ብለው በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። ከዚያ ሁሉ ኮሚቴ ይህን የጠየቀኝ አንድ ሰው አልነበረም።