አፈር የሚያውቀው ዱቄት

መምህር እንድሪስ ማረፋቸውን ደሴ ሆኜ ስሰማ፣ ቆቦ ላይ ቀብራቸው ተፈጽሞ ነበር። ሚኒባሱ ጎብዬ ላይ ሰው ለመጫን ሲቆም ሹፌሩን መቆጣት ቃጣኝ፤ ግን ለምን ልቸኩል? እሳቸው እንደሆኑ ከእንግዲህ አይጠብቁኝም። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ኬሚስትሪ ላስተማሯቸው ሁሉና ማሳቸውን ለሙከራ ላዋሷቸው ገበሬዎች ነው።

የራያን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ማሽላው ሊያሽት ሲል ጥሎን ይሄዳል። መምህር ያችን ጥቂት ሳምንት ለማሻገር ነበር የደከሙት። ውሃ ጠጥቶ የሚያብጥ፣ ከሥሩ ተቀብሮ ውሃውን ቀስ በቀስ ለተክሉ የሚመልስ ዱቄት በትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ይሠሩ ነበር። ከውጭ የሚመጣው ዓይነት የፕላስቲክ ዘመድ ነው። እሳቸው ግን «አፈር የማያውቀውን አፈር ውስጥ አልቀብርም» ብለው ከተፈጥሮ ፕሮቲን ጀመሩ።

መጀመሪያ የሠሩት ከቆዳ ቁርጥራጭ ነበር። አንድ ማንኪያ ዱቄት ጣሳ ሙሉ ውሃ ውጦ ሲረጋ፣ በሥራው እረዳቸው የነበርኩት እኔ አይቼ አጨብጭቤያለሁ። ያንኑ ይዘን ሮቢት አጠገብ ወዳለ ማሳ ወረድን። ባለማሳው አያ ኑሩ ዱቄቱን በመዳፋቸው አገላብጠው አዩና፣

«መምህር፣ ቆዳው የማን እርድ ነው?» አሉ።

ጎረቤታቸው አያ ታረቀ ቀበል አድርገው፣ «እኔስ ብሆን? ሁዳዴ ሲገባ ይኼን የጠጣ ማሽላ እንዴት አርጌ እበላለሁ?» አሉ።

ቆዳው ከእስላሙም ከክርስቲያኑም ሥጋ ቤት ተለቅሞ አንድ ድስት ውስጥ የተቀቀለ ነበር። መምህር ወሎ ተወልደው፣ ወሎ አርጅተው ይህን አለማሰባቸው እስከ መጨረሻው ያስቃቸው ነበር።

የዚያን ዕለት ግን አልሳቁም። በባጃጅ ስንመለስ እኔ፣ «ፕሮቲን ያው ፕሮቲን ነው፤ ሌላ ቦታ ስንወስደው ከምን እንደተሠራ ባንነግራቸውስ?» አልኩ። ባጃጁን አስቁመው ወረዱ። «አንቺ ልጅ፣ ደብቀሽ ያጠጣሽው ሰው ሁለተኛ ደጁን አይከፍትልሽም» አሉኝ። የቀረውን መንገድ በእግራችን ሄድን፤ እኔም ተቀይሜ ከኋላ ከኋላቸው ተከተልኩ።

ከዚያ በኋላ ወደ ሽምብራ ዞሩ። ዓመታት ፈጀባቸው። የሽምብራው ዱቄት ከቆዳው ያነሰ ውሃ ነው የሚይዘው፤ እኔ ስነጫነጭ «ውሃ ቢያንሰው ሰው አይነሰው» ይሉኝ ነበር። ከሽምብራው ላይ ዘግነው ይቆሉና ቁርስ ሳይቀምሱ ለሚመጡ ተማሪዎች በኪሳቸው ይዘው ይገባሉ። «የሙከራ ትርፍ ነው፣ ብሉ» ይሏቸዋል። ከሙከራው የሚተርፍ ነገር እንዳልነበረ እኔ አውቃለሁ።

በዚህ ዓመት አያ ኑሩም አያ ታረቀም የሽምብራውን ዱቄት ወደው ዘሩበት። ዝናቡ እንደ ልማዱ ቀድሞ ሄደ። መምህር ታመው ማሳ መውረድ ስላቃታቸው ስልክ ደወሉልኝ። «ማሽላው አሽቶ እንደሆነ፣ ዱቄቱም በስብሶ እንደሆነ ሄደሽ እዪልኝ» አሉ። ሥራ በዝቶብኝ ነበርና «በሚቀጥለው ሳምንት» አልኳቸው። «ግድ የለም፣ ይደርሳል» አሉኝ። አልደረሰም። እስካሁን የሚበላኝ ይኸው ነው።

ከሐዘኑ ቤት ወጥቼ በማግስቱ ሮቢት ወረድኩ። አያ ኑሩ መዶማቸውን ይዘው ማሳው ዳር ቆመው ነበር። «አላህ ይርሐመውና፣ ይኼን አይቶት ቢሆን» ብለው መዶማውን ሰጡኝ።

መምህር፣ ዘግይቼ ሄድኩልዎ። ዱቄቱ ያለበት መስመር ላይ ማሽላው አሽቷል፤ ሌላው ቆሞ ደርቋል። ሥሩን ቆፍሬ ዱቄቱን በጣቶቼ ፈለግሁት፣ የለም፤ እንዳሉት አፈር ሆኗል። ይህን ልነግርዎ ስልኬን አውጥቼ ቁጥርዎ ላይ ስደርስ ነው ትዝ ያለኝ። ናፍቀውኛል። አፈሩ ይቅለልዎ፤ እሱ እንደሆነ ያውቅዎታል።