ከእንጨት ፈረሶቹ ጋር የከረምንበት ሰመር

ባለቤቴ ከሞተ ገና ዓመት ሳይሞላው፣ ቀይና ነጭ ሸንተረር ያለው ሸሚዝ ለብሼ፣ የገለባ ባርኔጣ ደፍቼ፣ የሰው ልጆችን የእንጨት ፈረስ ላይ አስቀምጥ ነበር። ወሬው ከአንዱ የአትላንታ ዳር ሰፈር ከዶራቪል ወደ ሌላው ወደ ስኔልቪል ለመድረስ አንድ እሁድ በቃው። “ባሏን አፈር አልብሳ መጫወቻ ቦታ ትስቃለች” ተባልኩ። ይበሉ። ሐሜት ለእኔ አዲስ አይደለም፣ እኔም ለሐሜት አዲስ አይደለሁም።

ፓርኩ ከአትላንታ ወጣ ብሎ ያለ፣ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ትንሽ ቦታ ነው። የድሮ መልኩ እንዳይጠፋ ብለው ሠራተኛውን ሁሉ የዚያን ዘመን ልብስ ያለብሱታል። እኔ የደረሰኝ መሪጎራውንዱ ነበር፤ በክብ ወለል ላይ የሚዞሩ የእንጨት ፈረሶች፣ በፈረሶቹ መካከል ደግሞ መጋለብ ለማይችል ሰው የተሠራ አንድ ሰረገላ። መሃሉ ላይ ኦርጋን ቆሟል። ኦርጋን ስላችሁ ሠርግ ቤት የሚጫወቱት እንዳይመስላችሁ። ቁም ሣጥን የሚያህል፣ በአየር እየተነፋ ራሱ የሚዘፍን፣ ራሱ ከበሮ የሚደልቅ ጉድ ነው። እሱ ሲጮህ አጠገብህ የቆመ ሰው የሚልህ አይሰማም።

የሆቴል ሥራዬን ትቼ እዚያ የገባሁት ስለ አማቴ፣ ስለ ባለቤቴ እናት ብዬ ነው። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ብቻቸውን የሚተዉ አልነበሩም። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ምድጃው እንደተለኮሰ፣ ድስቱ አርሮ፣ ቤቱ ጢስ በጢስ ሆኖ፣ እሳቸው ግድግዳውን እያዩ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እኔና ባለቤቴ ልጅ አልወለድንም፤ የምተዋቸው ለማን ነው? የፓርኩ አለቃ፣ ዕድሜው የገፋ ነጭ ሰውዬ፣ ነገሩን ስነግረው “ይዘሻቸው ነይ፣ ጥላ ሥር ይቀመጡ” አለኝ። እግዜር ይስጠው። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት መኪናዬን ፓርክ አድርጌ፣ እጃቸውን ይዤ አስገባቸዋለሁ። ጥቁር በጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ፈረሶቹ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። እኔ በሸንተረሬ ሳልፍ ዓይናቸውን መሬት ላይ ይጥላሉ። ክፉ ቃል ግን አልተናገሩኝም። ክፉም ደግም አይናገሩም ነበር፤ ያስጨነቀኝም እሱ ነው።

ባለቤቴ ሰው ሲያመላልስ ውሎ መኪናው ውስጥ እንዳለ ነው ልቡ የቆመው። መርዶውን ማለዳ ሲነግሯቸው አማቴ እንደ አገራቸው ወግ “ልጄን!” ብለው ጮኹ፣ ደረታቸውን መቱ። ሙሾ ሊያወርዱ አፋቸውን ሲከፍቱ የአፓርትመንታችን በር ተንኳኳ። ፖሊሶች። ከላይ ያለው ጎረቤት ሰው የሚደበደብ መስሎት ደውሎ ኖሯል። ፖሊሶቹ እንኳን ክፉ አልነበሩም፤ ሲገባቸው ይቅርታ ጠይቀው ሄዱ። የደነገጡት የዕድራችን ሽማግሌዎች ናቸው። “እማማ፣ እዚህ አገር እንዲህ አይለቀስም። በእመብርሃን፣ ዝም ይበሉ” አሏቸው። አማቴ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱና ዝም አሉ። በቀብሩ ዝም። በአርባው ዝም። ለቀስተኛው “አቤት ጥንካሬ” እያለ አደነቃቸው። እኔ ግን ሁለት ጉርሻ እንደማያልፉ፣ ቀሚሳቸው በየሳምንቱ እየሰፋ እንደሚሄድ አያለሁ። ሐኪሙ መርምሮ ምንም የለባቸውም አለ። እርሟን ያላወጣች እናት በምን መሣሪያ ትታያለች? ልጃቸውን ተከትለው እንዳይሄዱብኝ ፈራሁ። ያንን ፍርሃት ይዤ ነው ሰመሩን ሙሉ ለሰው ልጅ ፈገግ ያልኩት።

ያልሞከርኩት የለም። አንድ እሁድ ጫካ ዳር ወሰድኳቸውና “በሉ እማማ፣ እዚህ ማንም የለም፣ ይውጣልዎ” አልኳቸው። ነጠላቸውን ማስተካከል ሲጀምሩ ውሻ ይዞ የሚሮጥ አንድ ሰው ከዛፎቹ መሃል ብቅ አለ። “ሃይ” ብሎን አለፈ። አማቴ “ወደ ቤቴ መልሺኝ” አሉ።

ነሐሴ ላይ እንደዚህ አገር ልማድ ትምህርት ቤት ሲከፈት ፓርኩ ጭር አለ። እኛ ግን በር ከመከፈቱ በፊት ፈረሶቹን ባዶአቸውን እናዞራለን፣ ኦርጋኑንም እስከ መጨረሻው እናስጮኸዋለን፤ የተበላሸ ነገር ካለ ሰው ሳይገባ እንዲታወቅ። አንድ ማለዳ ሙከራው ሲያበቃ አማቴ ከአግዳሚያቸው ጠሩኝ።

“ይሄ ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚጮኸው?”

“ሁልጊዜ ነው እማማ። አስቸገረዎት?”

“ፖሊስ አይመጣበትም?”

ልስቅ ብዬ ፊታቸውን ሳይ ተውኩት። “አይመጣም። ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ ሲጮህ የኖረ ነው፤ ማንም ዝም በል ብሎት አያውቅም።”

ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ። “እዚያ ሰረገላ ላይ አውጪኝ።”

ደግፌ አስቀመጥኳቸው። ነጠላቸውን አውርደው ወገባቸው ላይ ሲያስሩት ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ገባኝ፤ ማሽኑን አስነሳሁት። ኦርጋኑ ጮኸ። ሰረገላው በጀርባ በኩል ዞሮ ጠፋ። ተመልሶ ሲመጣ አማቴ ደረታቸውን እየመቱ ነበር። ድምፃቸው የሚሰማኝ ፊት ለፊቴ ሲያልፉ ብቻ ነው። አንዱ ዙር ላይ፣

“ሥራ ሄጄ ልምጣ ብሎኝ ነው የወጣው፣”

ብለው አለፉ። ቀሪውን ይዘውት ሄዱ። እስኪመለሱ ጠበቅሁ።

“አገሩ ሰፊ ነው፣ ማን ፈልጎ ያምጣው።”

አለቃዬ ከኋላዬ መጥቶ ቆሟል። ጆሮዬ ሥር ገብቶ “ታመሙ እንዴ?” አለኝ። “ልጃቸውን እየቀበሩ ነው” አልኩት። እሱ ሚስቱን የቀበረ ሰው ነው፤ ሌላ አልጠየቀም። ወደ በሩ ሄዶ ለጠባቂው በእጁ ትንሽ ቆይተህ ክፈት ሲለው አየሁ። ሰረገላው እንደገና መጣ።

“ዝም በይ ቢሉኝም መቼ ዝም አልኩልህ፣”

ቀጥሎ፣

“ሆዴ ውስጥ ነው ልጄ፣ ስጮህ የከረምኩልህ።”

ስንት ጊዜ እንደዞሩ አላውቅም። እኔ አላቆምኩትም፤ ይበቃኛል ብለው እጃቸውን ያነሱት ራሳቸው ናቸው። ሳወርዳቸው ፊታቸው አብጦ፣ ድምፃቸው ተዘግቶ ነበር። ውሃ ሰጠኋቸው፣ ጠጥተው ጨረሱና ሌላ አሉ። በልቤ ተመስገን አልኩ፤ ዳኑልኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ዳቦ ነበረኝ፣ እሱን ላወጣ ጎንበስ ስል ክንዴን ያዙኝ። ነጠላቸውን ከወገባቸው ፈትተው እኔ ወገብ ላይ፣ በዚያ በቀይና ነጭ ሸሚዝ ላይ፣ ጠበቅ አድርገው አሰሩት።

“አሁን አንቺ ውጪ።”

“እኔማ አልቅሻለሁ እማማ።”

“መቼ? በአንድ ቤት ነው ያለነው። እኔ አላየሁሽም።”

ሬሳውን የተረከብኩት እኔ፣ ቀብሩን ያስፈጸምኩት እኔ፣ ለቀስተኛውን ያበላሁት እኔ፣ ከዚያም እሳቸውን እንዳላጣ ስሯሯጥ የከረምኩት እኔ። በመሃል የት ቦታ እንዳለቀስኩ ባስብ ባስብ ጠፋኝ።

“ልጄ፣ ሰው ሁሉ እኔን ሲያጽናና አንቺን ረሳሽ። እኔም ረሳሁሽ” አሉ በተዘጋው ድምፃቸው። “በይ ሰውዬው ማሽኑን ይያዝልሽ።”

አለቃዬ ሳልነግረው መጥቶ መዘውሩን ያዘ። ሰረገላው ላይ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ዙር አፈርኩ፤ ባርኔጣዬን ይዤ፣ እንደ ሞኝ ዝም ብዬ ዞርኩ። በሁለተኛው ዙር አማቴ አለቃዬ አጠገብ ቆመው፣ አገር ቤት ሴቶች ለሐዘንተኛ እንደሚያደርጉት፣ ደረታቸውን ቀስ እያደረጉ ይመቱልኝ ነበር። በሦስተኛው ዙር ባርኔጣውን ጣልኩትና የባሌን ስም ጠራሁ። ከሞተ ጀምሮ ጠርቼው አላውቅም ነበር።