ሾፌሩና ሰማያዊው ድንጋይ

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ጓሮዋን ያጣችው እዚህ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የገባች ጊዜ ነው። በቀድሞ ቤቷ ከማድ ቤቱ ጀርባ ጎመንና ቃሪያ ታበቅል ነበር። እዚህ አፈር የሚባል ነገር የለም፤ በረንዳውም ልብስ ከማስጣት አያልፍም። መተከዟን ያየች ልጇ አንድ የእርሻ ጌም ላፕቶፕ ላይ ጭና ሰጠቻት።

መጀመሪያ ንቄው ነበር። ሻይ ልጠጣ ጎራ ስል ግን እኔም ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ጠዋት ዶሮ ይጮኻል፤ ትንሹ ገበሬ ከጎጆው ወጥቶ የተከለውን እንጆሪ ያጠጣል። ዝናብ ከዘነበ ዕረፍቱ ነው። የመንደሩ ሰዎችም ጠባይ አላቸው፤ አንጥረኛው ዱባ ሲሰጡት ፊቱ ይፈታል፣ አበባ ሲሰጡት ይኮሳተራል። መቀስ ያደነደናቸው የጎረቤቴ ጣቶች በዚያ ማሳ ላይ ሲሯሯጡ ሳይ፣ ይኸው ጓሮዋን አገኘች አልኩ።

ጌሙን የሠራው ሰው ግን ማር አልሶ እሬት የሚያቀምስ ነው። በመጨረሻው ወቅት በረዶ ይጥላል፤ ያን ጊዜ ማሳ ላይ ያለው ሁሉ ይሞታል። ተክሉን የሚያድነው የመስታወት ቤት ብቻ ነው። የመስታወት ቤቱን ለማደስ ደግሞ ከዋሻ ሥር ሰማያዊ ድንጋይ ማምጣት ያስፈልጋል፤ ዋሻው ውስጥ ከሌሊት ወፍና ከጭራቅ ጋር በሰይፍ መግጠም አለ። እንጆሪ ለማብቀል ሰይፍ ምን አገባው? ልብስ ሰፊዋ ጭራቅ ባየች ቁጥር ሁለት እጇን ከኪቦርዱ ላይ ታነሳለች፤ ገበሬው ቆሞ ይደበደባል።

በረዶው ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ባሏን ለመነችው። ባሏ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ጌሙን "የሰነፍ እርሻ" እያለ ያሾፍበታል፤ ሰይፉን ግን ይወደዋል። ላፕቶፑ ፊት ተቀምጦ ወደ ዋሻው ወረደ። እኛ ከኋላው ቆመን አየን። ድንጋዩን ይዞ ሲወጣ ሚስቱ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። ገበሬውን ጎጆው ደጃፍ አድርሶ አቆመው፤ ወዲያው የላፕቶፑን ማጥፊያ ተጭኖ ድርግም አደረገው። መድረሻው ላይ ሲቆም ሞተር ማጥፋት የዕድሜ ልክ ልማዱ ነው።

ጌሙ የቀኑን ሥራ የሚመዘግበው ግን ገበሬው አልጋው ላይ ሲተኛ ብቻ ነው።

"አንተ ሰውዬ፣ ሳታስተኛው?" አለች።

"ቤቱ አድርሼዋለሁ። አልጋውን ያጣዋል እንዴ?"

ሲከፈት ያው ቀን ከጠዋቱ ጀመረ። ድንጋይ የለም። ሾፌሩ ላቡን ጠርጎ እንደገና ወረደ። ዋሻው በገቡበት ቁጥር መንገዱን ይቀያይራል፤ "መስመር የሌለው ከተማ" እያለ ሲያጉረመርም ጭራቆች ከበው ጣሉት። ያን ጊዜ ጌሙ ገበሬውን ራሱ ወስዶ አልጋው ላይ አስተኛው፤ ሽንፈቱን መዘገበ፤ አነጋው፤ በረዶ ጣለ። ለፍተን ያገኘነውን አልጋ ላይ ካልወጣችሁ አልይዝም ያለ ጌም፣ መውደቃችንን ሳንጠይቀው ያዘ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እንጆሪው ጠቁሮ ተኝቷል። ሾፌሩ ጥፋቱ ገብቶት ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ተይው የኔ እመቤት፣ ሌላ እተክልልሻለሁ።"

"የት ላይ?" አለችው።

ሾፌሩ በረንዳው ላይ የተሰጣውን ልብስ አየና ከወንበሩ ተነሳ። እሷ ተቀመጠች። ሰይፉ በየትኛው ቁልፍ እንደሚመዘዝ ጠየቀችውና በበረዶው መሐል ገበሬውን ድንጋዩን ፍለጋ ወደ ዋሻው ነዳችው። የመጀመሪያው የሌሊት ወፍ ሲመጣባት እጆቿ ብድግ አሉ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ኪቦርዱ ላይ ተመለሱ። ገበሬው ተመታ፤ እሷም መታች። ባሏ ሊያግዛት ከጎኗ እጁን ዘረጋ።

"ወዲያ በል" አለችው፣ ዓይኗን ከዋሻው ሳትነቅል። "ማጥፊያዋን እንዳትነካ።"