ትምህርት ቤት የተቀበረበት ጉድጓድ

በጥር አጋማሽ ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ የወረድኩት ወድጄ አይደለም። መሄድ የነበረበት የቢሮአችን ተቆጣጣሪ ወባ ፈራ። እኔ ከተላላኪነት ወደ ጸሐፊነት ካደግሁ ገና ዓመቴ ስለሆነ ፍርሃቴን የጠየቀኝ የለም። ጉዳዩ እንዲህ ነው። አንድ የቀወት ወረዳ መንደር ትምህርት ቤት ሊሠራ ተነሥቷል። ሕዝቡ አምስት መቶ ብር ማዋጣቱ ከተረጋገጠ መንግሥት ቆርቆሮውንና አስተማሪውን ይሰጣል። ወሩ ሳያልቅ ካልተረጋገጠ ቆርቆሮው ለሌላ መንደር ይሄዳል።

"ገንዘቡን በዓይንህ አይተህ ፈርም" አለኝ አለቃዬ።

ይህን ለእኔ መንገር አያስፈልግም ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት፣ ከልጆቼ እኩዮች ጋር ተቀምጬ ነው። ከዚያ በፊት "የግጦሽ ውል ነው" ተብዬ አንድ ወረቀት ላይ አውራ ጣቴን አተምኩ። ወረቀቱ የመሬት ሽያጭ ሆኖ ተገኘ። የአባቴ እርሻ በአንድ ጣት ሄደ። አባቴ በዚያ መሬት ላይ እስኪሞት የትምህርት ግብር ከፍሏል፤ ትምህርት ቤት ግን ደጃችን አልደረሰም። እና ትምህርት ቤት ሊሠራ ነው ሲባል እልል የምል ሰው አልነበርኩም።

ቁልቁለቱ

አውቶቡሱ ሁለት ብር አስከፈለኝ። ጣርማ በር ላይ ጉም ስለነበር ካፖርቴን እስከ አንገቴ ቆለፍኩ። የመኪና መንገዱን ዋሻ አልፈን መውረድ ስንጀምር ጉሙ ተገፈፈና ምድር ከእግራችን ሥር ተከፈተች። ሸንተረር ከሸንተረር በታች፣ ከሁሉም በታች ደግሞ መጨረሻው የማይታይ ሜዳ። ከማለዳ ጀምሮ ሾፌሩን ስረግም የነበርኩት ሰውዬ መርገሜን ረሳሁ። ደብረ ሲና ላይ በአሥር ሳንቲም ቆሎ ገዛሁ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ቆሎው ገና አላለቀም፣ ሸሚዜ ግን ከጀርባዬ ተጣብቋል።

የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ አያ ሰይድ ገበያው ዳር ጠበቀኝ። ሽርጥ የታጠቀ ቀጭን ገበሬ ነው፤ ሁለት አህያ ይዟል። ከላይ እስከ ታች አየኝ።

"ጌታው፣ ካፖርቱን ለአህያይቱ ይስጧት። እሷ በሙቀት ብትሞት ሌላ አለችኝ። አንቱ ከሞቱ ማን ይፈርምልናል?"

"የምፈርመው ካየሁ ብቻ ነው" አልኩት።

"ያያሉ፣ ኢንሻ አላህ።"

በታጨደ የማሽላ ማሳ መሐል ሦስት ሰዓት ሄድን። ስለምን እንዲህ እንደምጠራጠር ጠየቀኝ። የጣቴን ታሪክ ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ አህዮቹን ነዳ።

ብሩ ከመሬት በታች

የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ቆሞ፣ ጭቃው ተመርጎ ደርቋል። ጣራ የለውም። መንደርተኛው አጠገቡ ተሰብስቦ ይጠብቀናል። "ገንዘቡስ?" አልኩ ሳልቀመጥ።

አያ ሰይድ መሬቱን በዱላው መታ። "ቆመውበታል።"

እስላሙም ክርስቲያኑም በደቦ አንድ ማሳ ለትምህርት ቤቱ ብለው አርሰዋል። ሠላሳ ኩንታል ማሽላ ወጣው፤ ዋጋው እስኪወደድ በአንድ ጉድጓድ ቀበሩት። ጉድጓዱን የቆፈረው የእትዬ አስካለ ባል ነበር። ቆፍሮ በጨረሰ በወሩ በወባ ሞተ። እሷም ጥቁር ለብሳ ከሴቶቹ ፊት ቆማለች።

"ቅጹ ብር ነው የሚለው፣ ማሽላ አይልም" አልኩ።

"ማሽላ ሐምሌ ላይ ብር ነው" አለ አያ ሰይድ።

"እንግዲያው ክፈቱትና ልየው።"

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ጎልማሶቹ አካፋ አነሡ። አፈሩ ተነሥቶ፣ ገለባው ተጠርጎ፣ ጠፍጣፋው ድንጋይ ሲታይ እትዬ አስካለ አላስቻላትም።

"አይ የደጋ ሰው! ጉድጓድ ሳጥን መሰለዎ እንዴ፣ ከፍተው አይተው የሚዘጉት? አንዴ ነፋስ ከገባው ይበላሻል። ነገ ሊሸጥ ነው፣ በጥር ዋጋ!"

በልቤ አሰላሁት። ሐምሌ ላይ ኩንታሉ አሥራ ስምንት ብር ያወጣል፤ ከአምስት መቶ ይተርፋል። ዛሬ አሥራ ሦስት ነው፤ መቶ አሥር ብር ይጎድላል። የጎደለበት ምክንያት የእኔ ዓይን ነው።

"ተዉት!" አልኩ። "ሳላይ እፈርማለሁ!"

ይህ ቃል ከእኔ አፍ መውጣቱ እኔኑ አስደነገጠኝ። አያ ሰይድ ግን ተቆጣ።

"ምነው ጌታው! መሬትዎ የሄደው እንዲህ ፈርመው አይደለም? እኛ ልጆቻችንን ፊደል የምናስቆጥረው ይህ እንዳይደርስባቸው ነው። ትምህርት ቤቱን ባልታየ ነገር ላይ በተፈረመ ፊርማ ልንጀምረው? እናንተ ልጆች፣ ግፉት ድንጋዩን!"

ድንጋዩ ተገፋ። ከውስጥ የሞቀ፣ የኮመጠጠ ሽታ ወጣ። በዚያን ዕለት ማንም በአፉ ላይ አላጎነበሰም፤ አዲስ የተከፈተ ጉድጓድ ትንፋሹ ሰው ይገድላል። ኩራዝ በገመድ አስረው ሲያወርዱ ገና ከአንገቱ ሳያልፍ ጠፋ።

በማግስቱ ጠዋት እንደገና አወረዱት፤ መብራቱ ጸና። በሆዴ ተኝቼ አየሁ። ጉድጓዱ እንደ እንስራ አንገቱ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው። ጎድጓዳው ሆድ ግጥም ብሎ ሞልቶ ማሽላው በኩራዙ ብርሃን ቀይ ነጭ እያለ ያብለጨልጫል። እነዚህ ሰዎች በልተው ያልጠገቡ ናቸው፤ እጃቸውን አይቻለሁ። ይህን ሁሉ ቀብረው፣ በላዩ እየተራመዱ፣ አንዲት ቁና አልነኩም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እንደዚያ ወድቄ አላውቅም።

ተነሥቼ ጻፍኩ፤ የጻፍኩትንም ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። "ሦስት መቶ ዘጠና ብር የሚያወጣ ማሽላ አይቻለሁ። መቶ አሥር ይጎድላል።" ሌላ ምን ልበል? እውነቱ ይኸው ነው።

ጎልማሶቹ ኩራዙን ሳቡ። ከዚያ እትዬ አስካለ፦ "ሰንጋው ስንት ያወጣል?" አለች።

"የቱ ሰንጋ?" አሉ ከሰዉ መሐል የቆሙት የመንደሩ ቄስ።

"የተዝካሩ ነዋ።"

ቄሱ ደነገጡ። "አስካለ፣ የባልሽን ተዝካር ልታስቀሪ? አገር ምን ይላል?"

"አገር ይኸው ቆሟል፣ የሚለውን ይበል! አባ፣ ያ ሰው ያን ጉድጓድ ሲቆፍር ወገቡ ተቆረጠ። አንድ ቀን በልታችሁ ጠጥታችሁ ከምትረሱት፣ ልጅ በተማረ ቁጥር ቢነሣ አይሻለውም?"

ቄሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ጉድጓዱ አፍ ጎንበስ ብለው አዩ። በመጨረሻ፦ "ፍትሐቱን እኔ አደርስለታለሁ፤ ድግሱ ይቅር" አሉ።

"እኔ እንኳ አልተቀየምኩም፤ ድሮም የናንተን ሥጋ አልበላ" አለ አያ ሰይድ። እትዬ አስካለ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ከመጣሁ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

መልስ

ማሽላውን ከአሊዩ አምባ የመጣ ነጋዴ ገዝቶ በግመል አነሣው። ሰንጋው ሸዋ ሮቢት ገበያ መቶ አሥራ አምስት ብር አወጣ። እትዬ አስካለ ከሰንጋው አንገት ገመዱን ፈትታ በእጇ ጠቀለለችና ዞር ብላ ሳታይ ሄደች። እኔ ጎዶሎውን ሰርዤ፣ ያየሁትን ሁሉ ጽፌ፣ በሙሉ ስሜ ፈረምኩ።

ደብረ ብርሃን ስደርስ ብርዱ እንደ ዱላ ተቀበለኝ። አለቃዬ ወረቀቱን አንብቦ፦ "ሰንጋ? ተዝካር? ይህን ማን ጻፍ አለህ?" አለኝ። "ያየሁትን ነው" አልኩት። ማኅተሙን መታበት።

የአባቴ ግብር የት እንደገባ ዛሬም አላውቅም። ምሬቴም አልለቀቀኝም፤ ለቀቀኝ ብል ውሸት ነው። ብቻ ለትምህርት ቤት የሚከፈል ብር ከማን ጉሮሮ እንደሚወጣ አይቻለሁ፤ ከእንግዲህ ቅጽ ላይ ቁጥር ባየሁ ቁጥር ሰው ይታየኛል።

ከሁለት ወር በኋላ ቆርቆሮው ሲጫን አንድ በአንድ ቆጥሬ አስረከብኩ። ሾፌሩ ሰለቸው።

"ምን እንዲህ ያስጨንቅሃል ሰውዬ? ቆርቆሮ አይደለም እንዴ?"

"የሰው ተዝካር ነው የጫንከው" አልኩት። "ቁልቁለቱን ቀስ ብለህ ውረድ።"