ከገላባት የመጡት ሽማግሌዎች

ዓርብ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ጎንደር

ከተማው ገና አልነቃም፤ የመተማ ሚኒባሶች የሚሞሉበት ቦታ ግን በሰው ተጨናንቋል። ማጭዳቸውን በጨርቅ የጠቀለሉ የጎጃምና የወሎ ሰዎች ለማሽላ አጨዳ ቆላ ሊወርዱ ተሰልፈዋል። እዚያ ታች ሳሉግ ይሏቸዋል። እኔ በመካከላቸው መነጽር ያደረግሁ የቢሮ ሴት ነኝ፤ ቦርሳዬ ውስጥ አንድ አሮጌ ፎቶግራፍና አንድ ኪሎ በርበሬ ይዣለሁ። ፎቶግራፉ የአክስቴ የታንጉት ነው። በርበሬውን ያዘዘችኝ እሷ ናት፤ ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም።

አክስቴን በአካል አይቻት አላውቅም። በደርግ ጊዜ ቆላው በጦርነት ሲታመስ የሱዳን ወታደር ወዳ፣ አግብታ፣ ካርቱም ገባች። እኔ ከዚያ በኋላ ነው የተወለድኩት። ጦርነት ደግሞ ተራውን ካርቱምን አፈረሰና አክስቴ ከባሏ ከዑስማን ጋር ከአገር አገር ስትንከራተት ከርማ በቀደም ድንበሩን ተሻገረች። አሁን መተማ ዮሐንስ አንዲት ክፍል ተከራይተው ተቀምጠዋል። ላመጣቸው ነው የምሄደው።

ችግሩ አባቴ ነው። የታንጉት ታላቅ ወንድም ነው፣ ሸሕዲ ይኖራል። ትናንት ስደውልለት፣ “እሷን ይዘሻት ነይ። ሰውየው ግን ከዚህ ግቢ አይገባም” አለኝ። አክስቴ በበኩሏ “ያለ ዑስማን አንድ እርምጃ አልራመድም” ብላለች። በሁለት ግትሮች መካከል ገብቼ፣ መኪናው ሳይነሳ ደከመኝ።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ አይከል

ሁለት ጊዜ ወርደን ተፈተሽን። ሁለተኛው ፈታሽ በርበሬውን አሽትቶ “የማን እጅ ነው?” አለና ፈገግ ብሎ መለሰልኝ። አይከል ላይ ቁርስ በልተን ተነሳን። ከዚህ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ነው፤ ሹራብ ይወልቃል፣ መስኮት ይከፈታል፣ ተሳፋሪው ይለፈልፋል።

እስክንደርስ የቤታችንን ቀልድ ላጫውታችሁ። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ተቀመጡ ሲባል አይቀመጥም። “ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም” ብሎ ከዘራውን ተደግፎ ይቆማል። ዑስማንም እንደ አገሩ ሰው ልጠይቅ ብሎ ሁለት የጦር ጓደኞቹን ከገላባት ወደ አያቴ ቤት ላከ። መሣሪያቸውን ድንበሩ ላይ ትተው፣ የታጠበ የደንብ ልብስ ለብሰው፣ ስኳርና ተምር ይዘው መጡ። አያቴ “ተቀመጡ” አላቸው። ወዲያው ተቀመጡ። ውሃ ሲቀርብላቸው ጠጡ። ከዚያም እንደተቀመጡ፣ ልጅዎን ለጓደኛችን ይስጡልን አሉ። አያቴ ብድግ ብሎ “ልጄ ሻይ ናት፣ ቁጭ ብለው የሚያዟት?” አለና አባረራቸው።

ታንጉት በሳምንቱ ተሻግራ ሄደች። አያቴ እስኪሞት ስሟን አላነሳም። የሃይማኖቱ ነገርም ሳይከነክነው አልቀረም፤ በአደባባይ የተናገረው ግን መቀመጣቸውን ነበር። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ከመቀመጫው ሳይነሳ ውሃ አምጡልኝ የሚል ሁሉ “የገላባት ሽማግሌ” ይባላል። እኔም ልጆቼን እንደዚያ እያልኩ ነው ያሳደግሁት።

ቀን 6 ሰዓት፣ ሸሕዲ

ሙቀቱ ፊት ላይ ይጋረፋል። ዋናው መንገድ ዳር ትራክተር፣ ባጃጅ፣ የሰሊጥ ከረጢት፣ ሥራ የሚጠብቅ ሰው። አባቴን ግቢው ውስጥ ባለችው ራኩባ ሥር፣ በእንጨትና በሣር በተሠራችው ዳስ ውስጥ፣ ተቀምጦ አገኘሁት። በሥራ ዘመኑ እስከ አብደራፊ ድረስ ሰሊጥ ያሳረሰ ሰው ዛሬ ከወንበሩ ለመነሳት ከዘራ ይፈልጋል።

“ጤናዋ እንዴት ነው?” አለኝ፣ ሳልቀመጥ።

“ደህና ነኝ ትላለች፣ አባየ። እሱ ግን ጉልበቱን ያመዋል አሉ።”

“እኔ ስለሱ መች ጠየቅሁሽ?”

ምሳ እስኪደርስ ያዘጋጀላትን ክፍል አሳየኝ። ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ አጎበር ተሰቅሏል፣ አልጋው ላይ አንድ ትራስ አለ። አንድ ብቻ። ትራሱን ሳየው ተናደድኩ፤ ደግሞ አዘንኩለት። ሰባ አምስት ዓመት ያለፈው ሰው ቀለሙን በገዛ እጁ ነው የቀባው፤ ጣቱ ላይ እስካሁን አለ።

“አባየ፣ ያለሱ አትመጣም።”

“መጀመሪያም ያለኛ ሄዳ የለ?” አለና ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

ከቀኑ 10 ሰዓት፣ መተማ ዮሐንስ

ከሸሕዲ በኮኪት በኩል አድርገን ደረስን። መተማ ዮሐንስ በአንድ መንገድ ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት፤ መንገዱ መጨረሻ ላይ ድልድዩ፣ ከድልድዩ ማዶ ገላባት። ድሮ የሱዳን ተሳቢዎች የሚያጣብቡት መንገድ አሁን ፍራሽና ድስት የተሸከመ ሰው ይመላለስበታል። ከሚሻገሩት መካከል ሰፊውን የሱዳን መጠቅለያ ልብስ፣ ቶብ የለበሱ አሮጊቶች አሉ፤ ሱዳናውያን ናቸው ብዬ ሳልፍ ከኋላዬ “እመቤቴ ማርያም፣ ይኸ ከተማ እንዴት ሰፋ!” ሲሉ እሰማለሁ። እንደ አክስቴ ወታደር አግብተው የሄዱ የዚህ አካባቢ ልጆች ናቸው። በሄዱበት ዕድሜ አማርኛ፣ በእርጅና ድምፅ ያወራሉ። ቆሜ እስኪያልፉ አየኋቸው።

አክስቴን ለመለየት ፎቶግራፉ አላስፈለገኝም። አባቴ ቀሚስ ለብሶ በር ላይ ቆሟል ብትሉ ይቀላል፤ ያው ግንባር፣ ያው አገጭ። ብርቱካንማ ቶብ ለብሳለች። ስታቅፈኝ ቶቡ ተንሸራተተና አንገቷ ላይ ጥቁር ማተብ አየሁ።

“አልከለከለሽም?”

“ማን? ዑስማን? ሲበጠስብኝ ክሩን ገዝቶ የሚያመጣው እሱ ነው።”

ዑስማን ረጅም፣ ቀጭን፣ ጸጉሩ እንደ ጥጥ የነጣ ሰው ነው። በሁለት እጁ ጨበጠኝና “እንደምን ዋልሽ፣ የወንድሟ ልጅ” አለ፤ አማርኛው የሚስቱ የጎንደር አማርኛ ነው፣ በዓረብኛ የተቀመመ። ካርካዴ፣ ቀዩ የሱዳን መጠጥ፣ ቀዝቅዞ ቀረበልን፤ ፀሐይዋ ወደ ገላባት ስታዘቀዝቅ በራፉ ላይ ተቀምጠን ጠጣን።

“እንዴት ተገናኛችሁ?” አልኩ። ይህን ለመጠየቅ አርባ ዓመት ጠብቄያለሁ።

አክስቴ ሳቀች። “ጦርነቱ ሲመጣ ሁላችንም ተሻግረን ገላባት ሰፈርን። ውሃ በበርሜል ይመጣል፣ እሱ ሰልፉን ይጠብቃል። እኔን ሁልጊዜ መጨረሻ ያቆመኛል። ብሄድም መጨረሻ፣ ብሮጥም መጨረሻ። አንድ ቀን ተቆጣሁ። ምን በደልሁህ አልሁት። ቋንቋውን አያውቅ፣ በእጁ ሰልፉን አሳየኝ፤ ፊት ያሉት ቀድተው ይሄዳሉ፤ መጨረሻ የቆመ ይቆያል። ገባኝ። ከዚያ ወዲያ ራሴ መጨረሻ መቆም ጀመርሁ። ሽማግሌ የላከው እዚህ መተማ ወዳለው ቤታችን ከተመለስን በኋላ ነው።”

ዑስማን ወደ መሬት እያየ ፈገግ አለ። በዚህ ዕድሜው አፈረ።

ነገ አብረን እንደምንሄድ፣ አባቴን እኔ እንደማግባባው ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። “እንደዚያ አልገባም። ሽማግሌ እልካለሁ።”

“ወይ ጉድ” አለች አክስቴ። “አራት ወልጀለት፣ የልጅ ልጅ አይቶ፣ አሁን ሽማግሌ ሊልክብኝ ነው።”

“ወሰድሁሽ እንጂ አልሰጡኝም” አላት። “ወላሂ፣ ይኸ ነገር ሲከነክነኝ ነው የኖረው። የሰውን ልጅ ሳይሰጠኝ ወስጄ እንዴት ቤቱ እገባለሁ?”

ቀልዱን እንደማውቅ ስነግረው አልሳቀም። “በኛ አገር ባለቤቱ ተቀመጥ ካለ ትቀመጣለህ። ካልተቀመጥህ ቤቱን ንቀሃል። ጓደኞቼ ያከበሩ መስሏቸው ተቀመጡ። ማንም ቁሙ አላላቸውም።”

“ማን ይንገራቸው?” አልኩ።

“አስተርጓሚው።”

“ማን ነበር አስተርጓሚው?”

አክስቴ ብርጭቆዋን አስቀመጠችና “ወንድም ጋሼ ነዋ” አለች ቀስ ብላ። “ገዳሪፍ አራት መኸር ሠርቶ ዓረብኛ የሚያውቅ ከቤታችን እሱ ብቻ ነበር።”

ያንን ቀልድ አባቴ ራሱ ስንት ጊዜ እንደነገረኝ አልቆጥረውም። እያሳቀ፣ የአያቴን ድምፅ እያስመሰለ። አስተርጓሚ እንደነበር ግን አንድም ቀን አልነገረኝም። አራት መኸር ከሱዳኖች ጋር የበላ ሰው አቀማመጣቸውን ሳያውቅ አይቀርም።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ከመተማ ወደ ሸሕዲ

ከመሄዳችን በፊት ድልድዩን እንይ አለች አክስቴ። ጠርዙ ላይ ቆማ ታች ያለውን ደረቅ ወንዝ አየች። “ስሄድ ጫማየን ይዤ በዚህ ነው የወረድሁ። ወዲያ ማዶ እሱ ቆሟል። ዞር ብዬ ቤታችንን ሳላይ ወጣሁ። ካየሁ እመለሳለሁ ብዬ ፈርቼ።” አለቀሰች። ዑስማን ትከሻዋን ይዞ ቆመ።

የተኮናተርነው መኪና ሹፌር ጋሽ ማሩ ይባላል፤ የሽንፋ ሰው ነው፣ ስድሳን አልፏል። ኮኪት ሳንደርስ ታሪኩን ሁሉ ጠይቆ ጨርሷል።

“እንግዲያ ሽማግሌዎችዎ የት አሉ?” አለው ዑስማንን በመስታወት እያየ።

“የላክኋቸው ሁለቱም ሞተዋል። ራሴ እጠይቃለሁ።”

“ሙሽራ ራሱ ይጠይቃል እንዴ? ነውር ነው።” ትንሽ ነዳና ጉሮሮውን ጠረገ። “እኔ አለሁ። ሦስት ልጆች ጠይቄ ሦስቱም ተሰጥተውኛል። እርስዎ ከጎኔ ይቁሙ። መቆሙን ብቻ አይርሱ።”

“አልረሳም” አለ ዑስማን።

በመንገዱ ግራና ቀኝ የታጨደ ማሽላ ክምር ለክምር ተደርድሯል። አክስቴ የአገሩን ስም ሁሉ ለማስታወስ ትሞክራለች፤ ግማሹን ትስታለች፣ ጋሽ ማሩ ያርማታል።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ሸሕዲ

መኪናው በሩ ላይ ቆመ። አክስቴ ወደኋላ ወንበር ጥግ ተሸጋግራ ቶቧን ወደ ፊቷ ሳበች። “እኔ አልወርድም” አለች። “የምትጠየቅ ልጅ ፊት ለፊት አትታይም።” ስድሳ አምስት ሞልቷታል፤ ያለችው ግን ትክክል ነበር። ከሁለቱ ወንዶች ኋላ ገባሁ።

አባቴ ራኩባው ሥር ነበር። ዑስማንን አየው። ከዚያ እኔን አየኝ፤ ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። እንግዳ ግን እንግዳ ነውና አፉ የለመደው ቃል ቀደመው።

“ግቡ። ተቀመጡ።”

“አንቀመጥም” አለ ጋሽ ማሩ። “ጉዳይ ይዘን መጥተናል።”

አባቴ የያዘው ከዘራ ከመሬት ተነሳና መልሶ ወረደ። ጋሽ ማሩ ከማን ወደ ማን እንደተላከ፣ ምን ሊጠይቅ እንደመጣ፣ ሥርዓቱን አሳምሮ ተናገረ። ዑስማን ከጎኑ ቆሟል። ፀሐዩ ናላ ያዞራል፤ የሱሪው ጉልበት ሲንቀጠቀጥ ከኋላ ይታየኛል።

“ዑስማን፣ ተቀመጥ” አለ አባቴ፣ በዓረብኛ። ከዚያ በአማርኛ ደገመው። “ጉልበትህን ያምሃል አሉኝ።”

“ያን ጊዜ ጓደኞቼ ተቀመጡ። እኔ አልቀመጥም።”

አባቴ ከዘራውን ተደግፎ ተነሳ። ልረዳው ስል በእጁ ከለከለኝ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ቆሙ።

“ያን ቀን ቁሙ ብላቸው ይበቃ ነበር” አለ። “አንዲት ቃል። ቋንቋውን አውቃለሁ፣ የናንተንም ደንብ አውቃለሁ። አባቴ ተቀመጡ ሲላቸው እንደሚቀመጡ አውቄ ዝም አልሁ። ከሰጠናት ርቃ ትሄዳለች፣ አላያትም ብየ ፈራሁ። ዝም ብየም አላየኋት። ይኸው እየቀለድሁ አረጀሁ።”

እንባው በጉንጩ ወረደ፣ አልጠረገውም። እኔም አለቀስኩ። ጋሽ ማሩ ባርኔጣውን አወለቀ።

“ኸላስ፣ በቃ ወንድሜ” አለ ዑስማን። “እሱ አልፏል። መልሱን ንገረኝ፤ ጉልበቴ አልቻለም።”

“ሰጥቻለሁ” አለ አባቴ። “በአባቴ ፈንታ ሰጥቻለሁ።”

ዑስማን ያኔ ተቀመጠ። አባቴ ከዘራውን እየተከለ ወደ መኪናው ሄደ፤ ከራኩባው እስከ በሩ ያለው መንገድ እንዲህ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር። የኋላውን በር ከፈተ። አክስቴ ፊቷን እንደሸፈነች ነች።

“ወንድም ጋሼ፣ ሰጠኸው?”

“ሰጠሁት።”

“እንግዲያ አውርደኝ።”

እጁን ዘረጋላት። እኔ ወደ ቤት ገብቼ፣ አባቴ ዘንድ ስመጣ ከምተኛበት አልጋ ትራሱን አንስቼ፣ አዲስ ቀለም በተቀባችው ክፍል ከአንዱ ትራስ አጠገብ አስቀመጥሁ።