ከማጠቢያው እስከ ቃሬዛው

ኡመይማ ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር፣ የፓፓያ ችግኝ እያፈላች ትሸጣለች። ቀሚሷ ላይ የወንድ ጃኬት ትደርባለች፤ ጺሟን በየማለዳው ትላጫለች። ስትወለድ አዋላጇ «ሴት ናት» ብላ ለእናቷ አስታቀፈች፤ በአሥራ አምስት ዓመቷ ግን የወር አበባ ይመጣል ሲባል ድምጿ ጎረነነ። ደሴ ፒያሳ ጨርቅ የሚነግደው ቤተሰቧ ያልሞከረው የለም፤ ሼኽ፣ ሐኪም፣ በመጨረሻም ባል። ባልየው ሳምንት ሳይሞላ መለሳት። የሰፈር ምላስ መቼ አርፎ ያውቃል፣ እሷም ወደ ኮምቦልቻ ወርዳ በዚያው ቀረች።

ፓፓያ የሚገዛ ሁሉ «ሴቷን ስጪኝ» ይላል፤ አበባ ሳያወጣ ማንም አይለየውም ብላ ትመልሳለች። ወንዱ አያፈራምና ይቆረጣል። ከጓሮዋ አንዱ ግን የወንድ አበባውን በረጅም ዘንግ እንዳንጠለጠለ፣ እዚያው ዘንግ ላይ ፍሬ ያዘ። ጎረቤቷ እንየው «ለምን አትቆርጪውም?» ቢላት፣ «አላህ እንዲህ አድርጎ ካበቀለው እኔ ምን ቤት ነኝ?» አለችው። እሱ ሲሄድ ግንዱን አቅፋ አለቀሰች። ከስንት ዓመት በኋላ ገላዋን ያልጠላችው ያን ቀን ነበር።

ከቤተሰቡ በየጁምዓው የምትደውልላት እናቷ ብቻ ነበረች። ባለፈው ክረምት ግን የደወለው ወንድሟ ዓብደላ ነው፤ እማ ወደ አኼራ ሄደች አላት።

ደሴ ስትደርስ ካፊያ ነበር። ጓሮው በሸራ ተከልሎ ሴቶቹ የእጥበቱን ውሃ ያሞቃሉ። ኡመይማ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ እናቷን ለመጨረሻ ጊዜ በእጇ መንካት። አክስቷ ረሂማ ሸራው ደጅ ላይ ቆመችባት።

«አትገቢም። የሴትን ጀናዛ የወንድ እጅ አያጥብም» አለቻት።

ከሸራው ውጭ ቆማ ጠበቀች። ጀናዛው ተከፍኖ ሲወጣ ከወንዶቹ መሀል ገብታ ትከሻዋን ከቃሬዛው ሥር አደረገች። ዓብደላ ድምጹን ዝቅ አድርጎ፣ «ሴት ጀናዛ አትሸከምም። ሰው ፊት አታዋርጂን» አለና እጇን ከቃሬዛው አላቀቀ።

እንግዲህ ምስኪኗ በአንድ ረፋድ ወንድም ሴትም ተባለች፤ በሁለቱም ተከለከለች። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ረሂማም ዓብደላም የፈሩት አላህን ሳይሆን ጎረቤትን ነው።

ወንዶቹ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» እያሉ ከሰፈሩ ወጡ። ረሂማ አካፋ ይዛ መጣችና ማጠቢያው ሥር የተቆፈረውን፣ የእጥበቱ ውሃ የወረደበትን ጉድጓድ እንድትደፍነው ነገረቻት። ይህን ለማድረግ ወንድ ነሽ ሴት ነሽ ያላት የለም።

ኡመይማ አካፋውን መሬት ላይ ጣለችው። ተንበረከከችና፣ ከእናቷ ገላ ላይ የወረደው ውሃ ባቦካው ጭቃ ውስጥ ሁለት እጆቿን እስከ ክርኗ ከተተች። ገና ለብ ያለ ነበር።